አው ሙክታርና በስልክ የመጣው ገዢ

የአው ሙክታርን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ስለ ሌላ ጉዳይ ሳወራ። ሐረር አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ስለ ደረጃ እድገት ሊያማርር ደውሎልኝ ነበር። ምሬቱን ጨርሶ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ "ያ ሱሪህን የሚሰፉልህ ሽማግሌ እኮ አረፉ። አልነገርኩህም እንዴ?" አለኝ። አልነገረኝም። "ነፍስ ይማር" ብዬ ዘጋሁና የለበስኩትን ሱሪ ቁልቁል ማየት ጀመርኩ። ከሱቅ የገዛሁት፣ ወገቡ የሚያጣብቅ፣ እግሩ የሚረዝም ሱሪ ነው። ሐረርን ከለቀቅሁ ወዲህ ልኬን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሰው ስለ ሟች ሲያወራ ደግ ደጉን ይመርጣል። እኔ እንደዚያ ማድረግ አይሆንልኝም። የአው ሙክታርን ደግነት ባነሳሁ ቁጥር ያ ደግነት እንዴት እንደተዘረፈ ማንሳት አለብኝ፤ በዝርፊያው ውስጥ ደግሞ እኔም አለሁበት።

ሐረር የተመደብኩት ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ካርታ አነባበብ የማስተምረው ሰውዬ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ተከራየሁና የመጀመሪያውን ሳምንት የገዛ ቤቴን በመፈለግ አሳለፍኩት። እንዲያ ከግንብ ግንብ ስንከራተት አንድ ቀን መኪና ግርግር ወጣሁ። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙን ያወጣለት በግራና በቀኝ የተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው ይላሉ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲረግጡ ሰው ከሰው ጋር ለመነጋገር ጆሮ ላይ መጮኽ አለበት። እዚያ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ የጣሉ ቀጭን ሽማግሌ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"መምህር ነህ?" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"ኪስህ ላይ ጠመኔ አለ። ሱሪህን ደግሞ ከወንድምህ የተዋስከው ይመስላል። ና፣ ግባ።"

ስማቸው ሙክታር ነው። "አው" በሐረሪዎች ቋንቋ አባት እንደ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አው ሙክታር ስለሚላቸው እኔም አው ሙክታር አልኳቸው። ለክተውኝ ሲያበቁ ቀብድ ልከፍል ኪሴ ገባሁ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቀብድ ነዋ።"

"ቀብድ የሚቀበል ሰፊ ደንበኛውን ሌባ ነህ እያለው ነው። ሌባ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው መልሰው።"

ሱሪው ሲያልቅም አልተቀበሉኝም። ልብስ መስታወት ፊት አይለካም፣ መስታወት ፊት ማንም ሆዱን ይስባል ይሉ ነበር። የእሳቸው ደንብ ሌላ ነው። ደንበኛው ሙስሊም ከሆነ ለብሶት ጁምዓ ይሰግዳል፤ ጎንበስ ሲል ትከሻው ካልያዘው፣ ሱጁድ ሲወርድ ጉልበቱ ካልተወጠረ፣ ያን ጊዜ መጥቶ ይከፍላል። ክርስቲያን ከሆነ ቅዳሴ ይቆምበታል። "እስከ መጨረሻው ነው ታዲያ" አሉኝ ጣታቸውን ቀስረው። "መሀል ላይ ወጥተህ ሱሪው ተመችቶኛል እንዳትለኝ።" እኔ ከዓመት በዓል በስተቀር ቤተ ክርስቲያን የማልታይ ሰው፣ ለሱሪ ብዬ ሙሉ ቅዳሴ ቆምኩ። አንድ ሙስሊም ልብስ ሰፊ ቅዳሴ አስቆመኝ ብላት እናቴ አታምነኝም ነበር። ሰኞ ልከፍል ስሄድ፣ ልብሱን ለብሶ የጠፋ ደንበኛ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አለ እንጂ" አሉኝ፤ "ግን ሱሪው ተመችቶት ነው የጠፋው።"

ሲስቁ የሜትሩን ጫፍ አፋቸው ላይ ይይዛሉ፣ ጥርሳቸው ስለረገፈ። መልስ ሊሰጡበት የማይፈልጉትን ነገር የጠየቅሃቸው እንደሆነ ደግሞ ቶሎ ብለው መርፌ ያነሱና ከንፈራቸው መሀል ይነክሳሉ። መርፌ የነከሰ ሰው መናገር አይችልም፤ ማንም አያስቸግራቸውም። ለዓመታት ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ዘንድ ጎራ ሳልል ቤቴ የገባሁበት ቀን ጥቂት ነው። ሰው አገር ላይ ብቻዬን ነበርኩና፣ ደጃቸው ላይ ያለችው አጭር በርጩማ የእኔ ናት ማለት ጀመርኩ።

የሚሰፉበትን መኪና የገዛችላቸው ባለቤታቸው ናት፣ የሠርጓን የወርቅ አምባር ሸጣ። በእግር የሚረገጥ፣ ጥቁር፣ ወርቃማው ጌጡ በክንዳቸው መታሸት ብዛት የጠፋ መኪና ነው። ሴትዮዋ ከሞተች ቆይታለች። አው ሙክታር ስለ እሷ ብዙ አያወሩም፤ ግን ሁልጊዜ ሥራ ሲጨርሱ መኪናውን የሚሸፍኑት በእሷ ሻሽ ነበር። ቤታቸው ውስጥ የቀረችው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጃቸው ነጂባ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ሲመለሱ፣ በርጩማዬን ወደ እሳቸው እንዳስጠጋ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

"ኒያ አድርጌያለሁ፣ ልቤ ቆርጧል" አሉኝ። "ዘንድሮ ሐጅ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

ሰዎች ለአክብሮት ሐጂ ሙክታር ሲሏቸው ሁልጊዜ ይቆጡ ነበር፤ ያልሄድኩበትን አገር ስም አትለጥፉብኝ ይላሉ። ለካ ለዓመታት ትንሽ በትንሽ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። አሁን የጎደለው ጥቂት ነው፤ መኪናው ቢሸጥ ይሞላል። ዓይናቸውም ደክሟል፤ ሲመለሱ ሊሰፉ አያስቡም። ታዲያ እዚሁ መንገድ ላይ ያሉት ሰፊዎች እየተሻሙ ይገዙዎት የለም ወይ አልኳቸው።

"እዚህ ብሸጠውማ ድምፁን በየቀኑ ልሰማው ነው" አሉ። "ከመቶ መኪና መሀል የእሱን ለይቼ አውቀዋለሁ። በሌላ ሰው እግር ሲጮኽ መስማት አልችልም። ራቅ ያለ ሰው ይውሰደው። በዚያ ስልክህ ላይ ሰዎች ዕቃ ይሸጣሉ ይባላል፤ እውነት ነው?"

እውነት ነው አልኩ። ኩራቴ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ኢንተርኔት ላይ የመሸጫ ገጾች ገና እየተለመዱ ነበር፤ ሶፋ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን አልጋ የሚሸጥባቸው። እኔም አንድ የእጅ ሰዓት ሸጬበት አውቅ ስለነበር ራሴን እንደ ነጋዴ ቆጥሬያለሁ። መኪናውን ፎቶ ላነሳ ስመጣ በነዳጅ ወልውለውት፣ እሳቸውም ኮት ለብሰው ጠበቁኝ። ፎቶ የሚነሳው መኪናው ብቻ ነው ብላቸውም ኮታቸውን አላወለቁም። ከዚያ ማስታወቂያውን እየነገሩኝ እጽፍ ጀመር።

"ቀበቶው በክረምት ይላላል ብለህ ጻፍ።"

"አው ሙክታር፣ የዕቃውን እንከን ጽፎ የሚሸጥ ሰው የለም።"

"እንከኑን ደብቄ ሐጅ ልሂድ?"

ጻፍኩ። ገዢ እንዲያዝን ብዬ ደግሞ ሳልነግራቸው አንድ መስመር ከራሴ ጨመርኩ፤ ባለቤቱ ሽማግሌ ወደ ሐጅ የሚሄዱ ስለሆነ በአስቸኳይ የሚሸጥ የሚል። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለሌባ የቤቱን ቁልፍ እያቀበልኩት እንደሆነ አልገባኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት የደወሉት ሁሉ መጨረሻው ስንት ነው እያሉ የሚጠይቁና ሲነገራቸው የሚስቁ ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሳሚ ነኝ የሚል ሰው ከድሬዳዋ ጻፈ። ጨዋ ነው። እህቱ ልብስ ስፌት ተምራ መኪና አጥታ ቁጭ ብላለች። ዋጋ አልተከራከረም። ሐጅ የሚሄዱትን አባት ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ አለ። ደወልኩለትና ስልኩን ለአው ሙክታር ሰጠኋቸው፤ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።

"አባባ፣ ኒያዎትን አላህ ይቀበልዎት። መካ ሲደርሱ ለእህቴ ዱዓ ያድርጉላት። ግማሹን ክፍያ ዛሬ ባንክ አስገባለሁ፣ ግማሹን ስረከብ።"

እኔ በደስታ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አው ሙክታር ግን ፊታቸው ተኮሳተረ።

"ሳታየው? ተው ልጄ። ሰው ያልሞከረውን ይከፍላል እንዴ? እኔ እልክልሃለሁ። እህትህ ሦስት ቀን ትስፋበት። እግሯ ከወደደው ትከፍላለህ፤ ካልወደደው በመጣበት ሚኒባስ መልሰው። ቶሌ?"

ከወዲያ በኩል ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልተሰማም። ሰውየው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት እንደሆነ፣ ወይስ ጆሮውን ማመን አቅቶት እንደሆነ አላውቅም። እንዲያ ያለ ነገር ተብሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እሺ አባባ፣ እንዳሉት" አለ።

ስልኩ ሲዘጋ ከአው ሙክታር ጋር ተጣላሁ። ይሄ ሱሪ አይደለም፣ የማያውቁት ሰው ነው፣ ድሬዳዋ ጁምዓ ሲሰግድ አያዩትም አልኳቸው።

"ዕቃው ሌላ ነው" አሉኝ፤ "ሰው ግን ያው ሰው ነው። በስልክ ስለመጣ ሰው መሆኑ ቀረ?"

አሁን ልናገር የሚገባኝን ልናገር። የሳሚን ገጽ ከፍቼ አይቼው ነበር። የተከፈተው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ፎቶው አበባ ነው፤ ጓደኛ የለው፣ ዘመድ የለው፣ አንድም ያወራው ነገር የለ። አየሁት፤ ተጠራጠርኩም። ግን ገዢ አገኘሁልዎት ብዬ ከተመሰገንኩ በኋላ ተመልሶ ሰውየው አላማረኝም ማለት ከበደኝ። ዝም አልኩ።

መኪናውን የላክነው ከሸዋ በር በሚነሣ የድሬዳዋ ሚኒባስ ነው። አው ሙክታር የመኪናውን ራስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መሳቢያው ውስጥ መርፌዎች፣ የዘይት ጠርሙስና ጥቂት ክር አኑረው ነበር፤ ጀማሪ ልጅ ናት፣ የት ሄዳ ትገዛለች ብለው። ሻሹን ግን አስቀሩት። ሾፌሩ ከጣሪያው ላይ ሲያስረው ከታች ቆመው ገመዱን በዓይናቸው ይከተሉ ነበር።

"አማና ነው፣ አደራ" አሉት ሾፌሩን።

"አያስቡ አባባ፣ እጁ ላይ ነው የማስረክበው።"

አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳሚ ደወለ። ደርሶናል፣ እህቴ አለቀሰች፣ ጀዛከላህ አለ። አው ሙክታር ሜትሩን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ሦስቱን ቀን እንደ ልጅ ሆነው ከረሙ፤ እህቱ ምን እየሰፋች ይሆን፣ ከቀሚስ ትጀምር ይሆን ወይስ ከትራስ ልብስ እያሉ። በአራተኛው ቀን ስደውል ስልኩ አይሠራም። በአምስተኛውም። ገጹን ስከፍት ጠፍቷል፤ እንደዚህ ያለ ገጽ የለም ነው የሚለው።

"ልጅቷ ገና አልለመደችው ይሆናል" አሉኝ።

በማግስቱ፣ "ታሞ ይሆናል" አሉኝ። ከሳምንት በኋላ፣ "ስልኩ ተሰርቆበት ይሆናል፤ ዘንድሮ ሌባው በዝቷል" አሉኝ። ይህን ሲሉ እየቀለዱ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም።

ቅዳሜ ድሬዳዋ ወረድኩ። ሾፌሩ መኪናውን ያስረከበበትን ቦታ አሳየኝ፤ ባጃጅ ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ነው የተቀበለው፣ "ስሙን ስጠይቀው ሳሚ ነኝ አለኝ፣ ሌላ ምን ላድርግ?" አለ ሾፌሩ። ያንን ሰፈር ቀኑን ሙሉ ስዞር፣ የመኪና ድምፅ በሰማሁበት ደጅ ሁሉ አንገቴን እያስገባሁ ስመለከት ዋልኩ። በየቤቱ የሚሰፉ ሴቶች ምን ፈለግህ ይሉኛል። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄም የተቀበለኝ ሰው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ፣ ውል አላችሁ ወይ፣ ደረሰኝስ፣ ቢያንስ ቀብድ ተቀብላችኋል ወይ አለኝ። ምንም የለንም። ጻፈልኝ፤ የሚጻፈው ግን ሁለት መስመር አልሞላም።

ተመልሼ፣ "አው ሙክታር፣ ተታለናል" አልኳቸው። በዚያን ጊዜ ከፊታቸው የሚሰፋ ነገር አልነበረም፤ መኪናው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ሆኖም መርፌ አነሱና ከንፈራቸው መሀል ነከሱ።

በነጋታው ከደሞዜ በየወሩ ልስጥዎት፣ ሐጁ አይቅር አልኳቸው።

"አንተ ምን አጠፋህ?" አሉኝ።

ያ ገጽ፣ ያ አበባ፣ ያ የጨመርኩት መስመር ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እያዩኝ ነበር። "ምንም" አልኩ።

"እንግዲያው ያላጠፋ ሰው ገንዘብ ይዤ የአላህ ቤት አልሄድም።"

የመኪና ግርግር ሰፊዎችም ሊያዋጡላቸው ተሰበሰቡ። አው ሙክታር ከበርጩማቸው ተነሥተው ሁሉም እየሰሙ፣ "ሐላል አድርጌለታለሁ" አሉ። "መኪናውን ሐላል ብዬዋለሁ። የበላው ሐራም እንዳይሆንበት። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አታውሩ።" አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ አላየሁም ብዬ ለጓደኞቼ ስተርክ ከረምኩ። የእሳቸውን ትልቅነት ባሞገስኩ ቁጥር የእኔ ነገር የሚረሳ ይመስለኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ሐጃጆች ሲሄዱ አው ሙክታር ሸኚ ሆነው ወጡ። እያንዳንዱን አቀፉ። ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ያስቀየመውን ሁሉ ዐፉ በሉኝ እያለ ይቅርታ እየለመነ ነው የሚሄደው፤ ብዙዎቹ እሳቸውን ዐፉ በሉኝ አሏቸው፤ እሳቸውም ዐፉ፣ ዐፉ እያሉ ሸኙ። ከዚያ በኋላ በእጅ መስፋት ጀመሩ። ቁልፍ ይተክላሉ፣ የሱሪ ጫፍ ይዘመዝማሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ጨርቅ ይዤ ሄድኩ። የጎረቤታቸውን መኪና ተውሰው ሊሰፉልኝ ነው። ለክተው ሲጨርሱ፣ ሜትሩን እየጠቀለሉ፣ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ "ቀብድ" አሉ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

"ከሁሉም ነው የምቀበለው" አሉኝ። "ካንተ ብቻ አይደለም።"

ከፈልኩ። ብሩን ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት። እንዲያ ያለ ውርደት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ የተዋረድኩት ግን ሌባ ተብዬ አልነበረም፤ ደንባቸውን ያስጣልኳቸው እኔ ስለነበርኩ ነው። ያን ቀን በርጩማዋ ላይ ሳልቀመጥ ሄድኩ።

በዓመቱ ደረታቸውን አመማቸው። ለሐጅ ያስቀመጡት ሁሉ ሐኪም ቤት ገባ። እኔ ደግሞ ዝውውሬ ተፈቀደልኝና ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድኩ። ነጂባ ከፍ ካለው መደብ ላይ፣ በትራስ አስደግፋ አስቀምጣቸዋለች። በጣም ከስተዋል። ልብስ ሲሰፉ የኖሩት ሰው የለበሱት ጀለቢያ ሁለት ሰው ይይዛል። ውሃ አምጪልኝ ብለው ነጂባን አስወጡና እጄን ያዙኝ።

"ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። አንተ ትሄዳለህ፣ ይዘኸው ሂድ።"

"ይንገሩኝ።"

"ያንን ልጅ ሐላል ያልኩት በአፌ ነው። ልቤ እምቢ አለኝ። መኪና ግርግር ሁሉ ሰምቶ አሞገሰኝ፤ እኔ ግን አላልኩም። በየሰላቱ ይመጣብኛል። ሱጁድ ወርጄ፣ ግንባሬ መሬት ነክቶ፣ ስረግመው ራሴን አገኘዋለሁ። ያ ሁሉ ሐጃጅ ዐፉ በሉኝ ሲለኝ ዐፉ አልኩ። እሱን ግን አቃተኝ።"

በሌላው እጄ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

"መካ ሳልሄድ መቅረቴ አይደለም የሚያቃጥለኝ። ብሄድስ ምን ልል ነበር? ዐፉ በለኝ ብዬ አላህን ስለምነው፣ አንተስ ቢለኝ? ከዚህ ጋር እንዴት እሞታለሁ?" ትንፋሻቸው አጠረና ጥቂት ጠበቁ። "አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ እችል ነበር። አንድ ቃል። አልጠየቀኝማ። እስቲ በዚያ ስልክህ እይልኝ። ምናልባት ጽፎ እንደሆነ።"

ስልኬን አወጣሁ። ገጹ ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ ይህን አውቃለሁ። እንዲያው እንዲያዩኝ ብዬ ጣቴን አንቀሳቀስኩ። የለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸው ስልኩ ላይ ተተክሏል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ጽፏል" አልኩ።

"ምን ይላል?"

ባዶውን ስልክ እያየሁ አነበብኩላቸው። "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀደም ብዬ ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። እርስዎ አምነውኝ ነበር። ነገሩ እንደማያምር አውቄ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊትዎን በደንብ ማየት አልቻልኩም። ዐፉ ይበሉኝ።"

"ድገመው" አሉኝ።

ደገምኩት። ቃሉን ሳላዛንፍ ነው የደገምኩት፤ መሳሳት አልቻልኩም፣ ከውስጤ ስለሆነ የሚወጣው። አው ሙክታር አለቀሱ። እጄን እንደያዙ፣ "ዐፉ ብዬሃለሁ፣ ልጄ። በልቤ ነው፤ በአፌ ብቻ አይደለም" አሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠቆሙኝ። "እንደዚያ ብለህ ጻፍለት። ላክኸው?"

"ላክሁት።"

"እህቱስ? መኪናውን ወደደችው ይላል?"

"ወዳዋለች" አልኩ።

ነጂባ ውሃውን ይዛ ስትገባ ፊታቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ አርፎ አየችው። ምን ብለሃቸው ነው ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ተመልሼ እውነቱን ልነግራቸው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ለጥምቀት እሄዳለሁ አልኩ፣ ከዚያ ለፋሲካ፣ ከዚያ ክረምቱ ሲገባ። ሕመማቸውን እያሰብኩ ይረፉ፣ አልረብሻቸው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። እንደ እውነቱ ከሆነ ፈርቼ ነው። አው ሙክታር በእኔ ስልክ ሁለት ጊዜ ተታለዋል። የመጀመሪያው ሰው መኪናቸውን ወሰደ፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ያነበብኩላቸው ይቅርታ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የእኔ ነበር፤ የሰጡት ዐፉ ግን በሌባው ስም ነው የወጣው። ለእኔ ደርሶኝ እንደሆነ አላውቅም። ልጠይቃቸው የምችለው እሳቸውን ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ሞቱ።